ከላሟ ያላለፈ ሰላምታ

ዲላ ውስጥ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና» ብሎ ዝም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ጡረተኛ ነው ወይ ከተማውን ገና አልለመደም። ሥራ አለኝ የሚል ሰው መልሱ አንድ ነው፤ «ሩጫ ነው እባክህ!» ላብ ባይኖረውም ግንባሩን በመዳፉ ዳሰስ ያደርጋል። ጠያቂውም ከንፈሩን መጦ «ምን ይደረግ፣ በርታ» ይለዋል። ወዴት ነው የምትሮጠው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ባለመጠየቁም ደግ አደረገ፤ ቢጠየቅ ግማሹ ከተማ መልስ አይኖረውም። የቀረው ግማሽ ደግሞ «ቆይ እደውልልሃለሁ» ይላል።

እኔ ከዋናዎቹ ሯጮች አንዱ ነበርኩ። ዛሬ የማወጋችሁ አንድ ሰው ፍለጋ በባጃጅ፣ በሚኒባስና በእግሬ ከጠዋት እስከ ማታ ስንከራተት የዋልኩበትን ቀን ነው። ሰውየው የት እንደነበሩ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ የእኔው ሱቅ ውስጥ፣ የእኔው ሸራ ላይ ተቀምጠው ነው የዋሉት። ጉዱን አስቀድሜ የነገርኳችሁ እናንተም እንደ እኔ እንዳትሮጡ ብዬ ነው።

ነጋዴ ነኝ። የምሸጠው ሸራ፣ ጆንያና ገመድ ነው። ለማያውቀው ልናገር፤ እኛ አገር ቡና አልጋ አለው። ተለቅሞ፣ ታጥቦ ሲያበቃ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ ባለቤቱ መደብ ላይ ይተኛል። ዝናብ ካካፋ ባለቤቱ ይበሰብሳል እንጂ ቡናው ሸራ ይለብሳል። ያንን ሸራ የማቀርበው እኔ ነኝ።

አምና ዝናብ ይበዛል ብዬ መጋዘኔን እስከ ጣሪያው ሸራ ሞላሁት። ዝናቡ ወሬው ደርሶት ነው መሰለኝ ሳይመጣ ቀረ። ሸራው ከእኔ ጋር ከረመ። አይጦች ተጋቡበት፣ ወለዱበት፣ የልጅ ልጅ አዩበት። ባለቤቴ አልማዝ አንድ ቀን መጋዘኑን ከፍታ አየችና መልሳ ዘጋችው። አልጮኸችም። እኔ ደግሞ የምፈራት ያልጮኸች ዕለት ነው።

«የዘንድሮ ቡና እስኪያልቅ እንይ» አለችኝ። «ሸራው ከወጣ ወጣ። ካልወጣ ሱቁን እንዘጋና ሐዋሳ ወንድሜ ጋ ትሄዳለህ።»

ወንድሟ ሐዋሳ ጫማ ቤት አለው። ለእኔ የታሰበልኝ ሥራ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ «ስንት ቁጥር ነው የሚያደርጉት?» ማለት ነው። አስቡት እስቲ። እኔ! ቁጭ ብዬ! በዚያ ላይ የሚስቴ ወንድም ከጀርባዬ ቆሞ እያየኝ! አባቴ ከባዶ ሜዳ ያቆመውን ሱቅ ዘግቼ የሰው እግር ሳይ ልኖር!

ስለዚህ ሩጫዬን እጥፍ አደረግሁት።

በዚያው ሰሞን አንድ አዳራሽ ውስጥ ለነጋዴዎች ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ አንድ ሰዓት ተኩል ዘግይቶ መጣና ስለ ጊዜ አጠቃቀም አስተማረን። «የምትሠሩትን ሁሉ ጻፉ፤ የሠራችሁትን በመስመር ሰርዙ፤ ያኔ ስኬታችሁን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ» አለ። ከአዳራሹ ወጥቼ በቀጥታ ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ «ደብተር መግዛት» ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። እንዴት ደስ እንደሚል! ቀጥዬ «እስክሪብቶ መፈለግ» ብዬ ጻፍኩ፤ እስክሪብቶው እጄ ላይ ስለነበር እሱንም ሰረዝኩት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ሥራ! ወር ሳይሞላ ደብተሩ አለቀ። እስክሪብቶውም አለቀ። ያላለቀው ሸራው ብቻ ነው።

ስልኬ ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ ለደንበኛ ነው፤ ሌላው፣ እውነቱን ልናገር፣ ለመጀመሪያው መደወያ ነው። ሰው ሱቄ ሲገባ እጄን ኪሴ ከትቼ በሁለተኛው የመጀመሪያውን እደውላለሁ። ሲጮህ አነሳና «አሁን አልችልም፣ እንግዳ ይዣለሁ» እላለሁ። ደንበኛው እንደተከበረ ይሰማዋል። አንዳንዱ ግን «ይቅርታ፣ ሥራ አስፈታሁህ» ብሎ ሳይገዛ ይሄዳል።

የሱቄን በር በቀን ስምንት ጊዜ እየከፈትኩ ስምንት ጊዜ ስለምዘጋ ጓጉንቸሩ ከእኔ ቀድሞ ደከመ፤ አንድ ቀን አልከፈትም አለና ሰበርኩት። ከዚያ ወዲህ በሩን ክፍቱን ትቼ «ዘነበች፣ አንዴ እይልኝ!» ብዬ መሮጥ ጀመርኩ።

ዘነበች ጎረቤቴ ናት። ሳሙና፣ ጨው፣ ስኳርና ክብሪት ትሸጣለች። ያቺን ሴት እስከዚያ ቀን ከበርጩማዋ ስትነሳ ያየኋት ሁለቴ ነው፤ አንዴ ሠርግ ስትሄድ፣ አንዴ በርጩማው ሲሰበር። ሸቀጧን የደረደረችው እጇ በሚደርስበት ልክ ነው። ሳሙናው በግራዋ፣ ጨው በቀኟ፣ ስኳሩ ከጉልበቷ ሥር። ከፍ ብሎ የተሰቀለውን በዱላ ታወርደዋለች። እኔ «ሰነፍ» እላት ነበር። ሸቀጧ እያለቀ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ታስመጣለች፤ እሱን ግን «ዕድል ነው» እለው ነበር።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ።

አባባ ወራሳ ጪጩ አካባቢ ቡናና እንሰት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ከእሳቸው አንዲት ላም ገዝቼ ወናጎ አማቴ ግቢ አኑሬያታለሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በላሟ በኩል የተዛመድን ያህል ነው፤ በገበያ ቀን ዲላ ሲመጡ ሱቄ ሳይገቡ አይመለሱም። ይገባሉ፣ ጃንጥላቸውን በሩ ላይ ያስደግፋሉ፣ የሸራው ክምር ላይ ይቀመጣሉ፣ ሰላምታ ይጀምራሉ።

አማርኛቸው ሴትና ወንድ ባይለይም ሰላምታቸው መንገድ አለው። መጀመሪያ እኔ። ከዚያ ሚስቴ። ከዚያ ልጆቼ በየተራ፣ ከትልቁ እስከ ትንሹ። ከዚያ አማቴ። ከዚያ ላሟ። ከላሟ በኋላ ምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር፤ ደርሼበት አላውቅማ! አማቴ ላይ ስንደርስ ስልክ ይጮሃል፤ ካልጮኸም አስጮኸዋለሁ። «አባባ፣ አንዴ መጣሁ» ብዬ እወጣለሁ። ስመለስ ካቆሙበት አይቀጥሉም። እሳቸው ዘንድ የተቋረጠ ሰላምታ አልተሰጠም ማለት ነው፤ እንደገና ከእኔ ይጀምራሉ። ሰላምታው ሳያልቅ ደግሞ ጉዳይ ማንሳት ነውር ነው፤ መርዶ ለመንገር የተላኩ እንኳ ቢሆን አያነሱም። ሦስት ገበያ ሙሉ እንዲህ ስንጀምርና ስናቋርጥ ከረምን። እኔ «ሥራ የሌላቸው ደግ ሽማግሌ» ብዬ እልፍ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ባጃጅ ነጂው ታምራት ሱቄ ደጃፍ ላይ ፍሬን ያዘና ሳይወርድ ጮኸ።

«አለቃ! ሰምተሃል? የጪጩ ገበሬዎች ሰብሰብ ብለዋል አሉ። የዘንድሮን ሸራና ጆንያ በሙሉ ካንድ ነጋዴ ሊወስዱ ነው። ሰብሳቢያቸው ዛሬ ነጋዴውን ይመርጣል።»

«ማነው ሰብሳቢው?»

«እሱን አላጣራሁም። አዲስ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው ሲሉ ነው የሰማሁት።»

መጋዘኑ፣ አይጦቹ፣ የሐዋሳው ወንበር፣ ሁሉም ባንዴ ታዩኝ። «ትልቅ ሰው» ሲለኝ በሐሳቤ የመጣው ብብቱ ሥር ወረቀት የያዘ፣ ሁለት ስልክ ያለው፣ የሚጣደፍ ሰው ነው። ባጭሩ ራሴን ነው ያየሁት።

ልክ በዚህ ጊዜ አባባ ወራሳ ገቡና ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አስደገፉ።

«እንዴት አደርክ ልጄ? ደህና ነህ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ሚስትህስ ደህና ነው?»

«ደህና ናት አባባ። እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አንዴ መጣሁ!»

«ልጆችስ...»

«ሁሉም ደህና!» ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ነው የመለስኩት። «ዘነበች፣ አንዴ እይልኝ!»

ዘነበች ስኳር እየመዘነች ነበር፤ ቀና አላለችም። «ወዴት ነው?»

«ሰው ፍለጋ!»

«ሰው እኮ ገባልህ።»

«እሳቸውን አይደለም! ሥራ የሚያመጣ ሰው!»

«ሥራ የሚያመጣ ሰው መልኩ ምን ይመስላል?» ያለችው ባጃጁ ከተነሳ በኋላ ነው። ሰምቻታለሁ። ለመመለስ ግን ጊዜ አልነበረኝም።

ጪጩ ስንደርስ ታምራትን እንዳታቆም አልኩት፤ ማቆም ጊዜ ማባከን ነው። ቀስ እያለ እንዲነዳ አድርጌ አንገቴን አወጣሁና መንገድ ዳር ቆጮ ዘርግታ የተቀመጠች ሴትዮ ጠየቅሁ።

«እናቴ! የገበሬዎቹን ሰብሳቢ አይተሻል?»

«ዲላ ሄደዋል፣ በማለዳ።»

«ምን ዓይነት ሰው ናቸው?»

«ሽማግሌ ናቸው፣ ጃንጥላ ይዘዋል። ስማቸው...»

ስማቸውን አልሰማሁም። «አዙረው!» ብዬ ነበር። ዲላ መሆናቸውን ካወቅሁ ስም ምን ያደርግልኛል? ጃንጥላውም አልጠቀመኝም። እዚህ አገር ጃንጥላ ያልያዘ ሽማግሌ ብትለኝ ነበር በቀላሉ የማገኘው።

«አለቃ፣ ስማቸውን ብንሰማ አይሻልም ነበር?» አለ ታምራት።

«አንተ ንዳ!»

ስንመለስ ሱቄ ፊት ለፊት አለፍን። አባባ ወራሳ ሸራው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸውን አነሱልኝ። እኔም ስልክ የያዝኩበትን እጄን አነሳሁላቸው። «አባባ፣ መጣሁ!» ብዬ አለፍኩ። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን ከምፈልገው ሰው ጋር በጣም የተቀራረብነው ያኔ ነው፤ ሦስት እርምጃ ያህል።

ሰብሳቢ ከተማ ከገባ ቢሮ ነው የሚገኘው ብዬ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። በር ላይ ያለውን ዘበኛ «ሰብሳቢ ነው የምፈልገው» አልኩት። «ሰብሳቢዎች አዳራሽ ናቸው፤ ግባ፣ ተጀምሯል» አለኝ። ገባሁ። የሆነ ወረቀት ላይ አስፈረሙኝ፤ የታሸገ ውሃ ሰጡኝ፤ አስቀመጡኝ። አጀንዳው «በሥራ ሰዓት የሚታየውን የጊዜ ብክነት ስለመቀነስ» ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ሊጀመር ታስቦ አራት ሰዓት ላይ ነው የተጀመረው።

ከጪጩ የመጣ ሰው አለ ወይ ብዬ ልጠይቅ እጄን አወጣሁ። መድረክ ላይ ያሉት ሰው መነጽራቸውን አስተካክለው «አስተያየት አለ፤ እሺ ወንድማችን» አሉ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ተነሳሁ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ።

«እኔ ቸኩያለሁ» አልኩ።

ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ።

«ይሄ ነው የምንፈልገው መንፈስ!» አሉ ሰውየው። «ቸኩያለሁ! እንዲህ ያለ ቁጭት ያለው ሰው ነው ያጣነው!» እንዲህ እያሉ የጊዜ ብክነት ቅነሳ ኮሚቴ አባል አድርገው አስመረጡኝ። ኮሚቴው በሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲሰበሰብ ተወሰነ። እንዴት እንደሚሰበሰብ የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ስናቋቁም ሰባት ሰዓት ሆነ።

ስንወጣ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው «የጪጩ ገበሬዎች ሰብሳቢ የትኛው ነበሩ?» አልኩት።

«እሳቸው ስብሰባ አይወዱም ሲሉ ሰምቻለሁ። ዛሬ ወናጎ ለቅሶ አለ፤ ሽማግሌ የተባለ ሁሉ እዚያ ሳይሆን አይቀርም።»

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ወደ ዘነበች ደወልኩ።

«ዘነበች፣ የመጣ ሰው አለ?»

«አባባ ወራሳ አሉ።»

«ከእሳቸው ሌላ!»

«ሦስት ሰው ገመድ ፈልጎ መጥቶ ነበር። ሸጥኩልህ።»

«ቁም ነገር ነው የምጠይቅሽ!»

«እኔም ቁም ነገር ነው የምነግርህ። አባባ ወራሳ የምነግረው አለኝ ይላሉ።»

«ሰላምታ ነው ባክሽ። ላሟ ደህና ናት በያቸው።»

ከወዲያ በኩል ጉርምርምታ ተሰማ። «ካንተው አፍ ካልሰማሁ አይሆንም ነው የሚሉት» አለችኝ። ዘጋሁት። ሰው ሥራ ላይ ሲሆን የማይገባቸው ሰዎች አሉ ብዬ ተናደድኩ።

ወናጎ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ሽማግሌው በረድፍ በረድፍ ተቀምጧል፤ በየጉልበቱ መሃል ጃንጥላ። ለቅሶ ቤት ገብቶ «ሸራ የሚፈልግ ማነው?» አይባልም። ፊቴን አጠቁሬ ተቀመጥኩ። ሟቹን አላውቃቸውም፤ ግን ከመናኸሪያው ሮጬ ስለመጣሁ አለከልካለሁ፣ ዓይኔም ቀልቷል፤ ከሐዘንተኞቹ ሁሉ የባስኩት እኔ መሰልኩ። አጠገቤ ያሉ አዛውንት ትከሻዬን እየደባበሱ «አይዞህ። ልጃቸው ነህ?» አሉኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ ተነበበ። ሁሉም ለጸሎት አንገቱን ደፋ። እኔም ጃንጥላዎቹን በዓይኔ እያለፍኩ የሚጣደፍ ሽማግሌ ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። በድንጋጤ አወጣሁት። የደወለው ማን ይመስላችኋል? እኔ ነኝ። ሁለተኛው ስልክ ላይ ተቀምጬበት ኖሯል። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ፊት ራሴን በራሴ ሳስጠራ ኖሬ፣ ዛሬ ራሴ ባላሰብኩት ሰዓት ጠራኝ። አጥፍቼው ዝም ብል ምን ነበረበት? ልማድ ሆኖብኝ ጆሮዬ ላይ አደረግሁና «አሁን አልችልም፣ እንግዳ ይዣለሁ» አልኩ።

ከኋላ አንድ እጅ ኮሌታዬን ይዞ ወደ ውጭ ጎተተኝ። አማቴ ናቸው።

«አንተ! ሟቹን ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቃቸውም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ሰው ፍለጋ ነው፣ እማማ።»

«እኔስ ሰው አይደለሁም? ሁለት ሳምንት ሙሉ ብደውል ብደውል ተይዟል ይለኛል! ከማን ጋር ነው ይህን ሁሉ የምታወራው?» ሁለቱን ስልኮቼን ወደ ኪሴ ከተትኩ። «ላሟ ወልዳለች! ሴት ጥጃ! ጥጃዋ ግቢውን እየዞረች ትቦርቃለች፣ ባለቤቱ አልሰማም!» ትንሽ በረድ አሉና «ማንን ነው የምትፈልገው?» አሉኝ።

«የጪጩ ገበሬዎችን ሰብሳቢ።»

«ወራሳን?»

«የቱን ወራሳ?»

«ስንት ወራሳ ታውቃለህ? ላሟን የሸጡልህን ነዋ! እሳቸውን ከመረጡ ወር አለፈ። ዛሬ እዚህ አልመጡም፤ ዲላ ጉዳይ አለኝ ብለው ልከዋል።»

ጠዋት ሸራዬ ላይ ትቻቸው የወጣሁት ሰው!

አሁን ልብ በሉልኝ። ያን ሁሉ ዘመን የምሮጥበት ሳይኖረኝ ስሮጥ የኖርኩ ሰው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት የምሮጥበት አገኘሁ። አባባ ወራሳ ሳይመሽ መንገድ የሚጀምሩ ሰው ናቸው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ዲላ አይገኙም። ሚኒባሱ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሚኒባሱ ግን «አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ቆመ። አንድ ሰው ሲመጣ ሁለት ወረደ። ለዘነበች ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ ባትሪው ሞቷል። ሁለተኛውን አወጣሁ፤ እሱም ሞቷል። ሁለቱም እርስ በርሳቸው ሲደዋወሉ ነው ያለቁት።

«ወንድሜ፣ የቀረውን ቦታ ሁሉ እኔ እከፍላለሁ፣ ንዳው!» አልኩት ሾፌሩን። ነዳው። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናቡ መጣ። ያ አምና የቀረው ዝናብ ነው፤ ያደረውን ጨምሮ ነው የመጣው። መስኮቱን ከፍቼ ዳገቱ ላይ አየሁ፤ ገበሬው በየአልጋው ዙሪያ ይሯሯጣል፤ ቡናው ይለብሳል። ሸራው ግን የእኔ አይደለም።

ዲላ መናኸሪያ ወርጄ ሱቄ ድረስ የሮጥኩትን ሩጫ በልጅነቴም አልሮጥኩትም። ሸራ ነጋዴ ሆኜ አንድ ክንድ ሸራ እንኳ ራሴ ላይ ጣል ሳላደርግ፣ እስከ ካልሲዬ በስብሼ ደጃፌ ላይ ቆምኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ዘነበችን ነው። ቆማለች።

ደነገጥኩ። ከሱቋ ወደ እኔ ሱቅ ባመጣቻት በርጩማ ላይ ማን አለ ብዬ ሳይ፣ አባባ ወራሳ ተቀምጠውባታል። የእሳቸው መቀመጫ የነበረው የሸራ ክምር የለም። ጠዋት እስከ ወገቤ ይደርስ የነበረው፣ ከሥሩ ያለው ወለል እስኪታይ ተጠርጓል።

«አባባ!» አልኩ እያለከለኩ። «ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት?»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

«እንዴት ዋልክ ልጄ? ደህና ነህ?»

«አባባ፣ ሸራውን...»

ዘነበች ዕቃ የምታወርድበትን ዱላ አንስታ መሬቱን ሁለቴ ነካ ነካ አደረገች። «ቁጭ በል» አለችኝ።

ባዶው ወለል ላይ፣ ከነእርጥበቴ ቁጭ አልኩ።

«ደህና ነኝ አባባ። እርስዎስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ሚስትህስ ደህና ነው?» ደህና ናት። «ትልቁ ልጅስ?» ደህና ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛዋ፣ አንድም ሳይዘሉ ጠየቁ፤ አንድም ሳልዘል መለስኩ። ስልኮቼ ሞተዋልና የሚያቋርጠን አልነበረም። «አማትህስ?» ደህና ናቸው፣ አሁን አግኝቻቸው መጣሁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ላሙስ?»

«ወለደች፣ አባባ» አልኩ። «ሴት ጥጃ። ግቢውን እየዞረች ትቦርቃለች።»

ፊታቸው በራ። ያን ሁሉ ስሮጥ ውዬ ይዤ የመጣሁት አንድ ጠቃሚ ነገር ይሄ ብቻ ነበር፤ ለእሱም ቢሆን ኮሌታዬን ተይዤ ነው የተነገረኝ። «እሰይ!» አሉ። «እናቱም እንዲሁ ነበር፤ መጀመሪያ ሴት ነው የወለደው።» ጥቂት ሳቁ። ከላሟ አለፍን ማለት ነው። ከላሟ በኋላ ዝናቡ ነው የሚመጣው፤ ስለ ዝናቡ ተነጋገርን። ከዝናቡ በኋላ ዝምታ አለ። ረዘም ያለ፣ ሁለታችንም መሬት መሬት የምናይበት። ከዝምታው በኋላ ጉዳዩ መጣ።

«እኔ ሦስት ገበያ መጣሁ» አሉ። «ሸራህን እንወስዳለን ልልህ ነበር። ዘመዴ ነህ፣ ላም ሰጥቼሃለሁ። ሦስት ገበያ ግን አንተ የለህም። እዚህ ቆመህ እንኳ የለህም። ዛሬ አራተኛው ነው።»

«አባባ፣ እኔ እኮ እርስዎን ስፈልግ ነው...»

«አይቻለሁ። በባጃጅ ስታልፍ ሰላም ብዬሃለሁ።» ጃንጥላቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «ሸራ ሞልቷል። ዲላ በሙሉ ሸራ ነው። እኛ የቸገረን፣ ዝናብ ሲያካፋ ወርደን የምናገኘው ሰው ነው። አንተን ለማግኘት ካንተ በላይ መሮጥ አለብን። እኛ ደግሞ ገበሬ ነን፤ ለእሱ ጊዜ የለንም።»

ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ቦታ የዋሉ ሰው ናቸው ጊዜ የለንም የሚሉኝ። የሚገርመው፣ እውነታቸውን ነው።

«ታዲያ ለማን ሰጡት?» አልኩ።

በአገጫቸው ወደ ዘነበች ጠቆሙ።

«ዘነበች ሸራ የላትም እኮ!»

«የለኝም» አለች ዘነበች። «ሸራ የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። ባለቤቱም እይልኝ ብሎኛል፤ አየሁለት። ከአባባ ጋር እስከ ዶሮዎቼ ድረስ ሰላም ተባባልን፣ ከዚያ ጉዳያቸውን ነገሩኝ። ዝናቡ ሲመጣ ልጆቻቸውን ጠርተው የመጀመሪያውን ጭነት አነሱ። የመጋዘንህም በየገበያው እየተነሳ ይሄዳል።»

ሸራው ሊወጣ ነው! ሐዋሳ ቀረ! ተነስቼ እጇን ልስም ስል በዱላው አስቆመችኝ።

«ቆይ። እኔ ለአባባ ቃል ገብቻለሁ። ዝናብ በመጣ ሰዓት ሸራ የሚሰጥ ሰው እዚህ ይገኛል ብያለሁ። የቡናው ወቅት እስኪያልቅ እዚህ ትቀመጣለህ። ከዚያች ደጃፍ ከወጣህ ሸራውን ከሌላ ነጋዴ አስመጣለሁ። ከየሸራውም ድርሻዬን አነሳለሁ።»

«ድርሻ? በምን ሥራሽ?»

«ቆሜያለሁ እኮ» አለች። «ለአንተ ስል።»

ማታ ለአልማዝ ሁሉንም ነገርኳት፤ ለቅሶ ቤት የጮኸውን ስልክ ብቻ ዘለልኩት። እሱን ከእናቷ ቀድማ ሰምታዋለች። ለረጅም ጊዜ ሳቀች። ከዚያ «ሐዋሳ ሄጄ ቁጭ አልልም ብለህ ስንት ቀን ራት አልበላህም?» አለችኝ። እንጀራዬን አጠፍኩና መልስ እንደሚፈልግ ሰው ጎረስኩ።

እነሆ በርጩማ ገዝቼ ተቀምጫለሁ። ሸራው በግራዬ፣ ገመዱ በቀኜ፣ ጆንያው ከጉልበቴ ሥር። ዱላም አለኝ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ እኔ ስቀመጥ እግሬ ከበርጩማው ሥር ብቻውን ይሮጥ ነበር። ዘነበች ከወዲያ ሆና «ቀኙ ቀደመ» እያለች ትዘግብልኛለች። ኮሚቴው ደግሞ በሳምንት ሦስቴ ለአስቸኳይ ስብሰባ ይደውላል። «አሁን አልችልም፣ እንግዳ ይዣለሁ» እላለሁ። ያን ቃል በእውነት ስናገረው መጀመሪያዬ ነው፤ ጣዕሙ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ስልክ ለአማቴ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ስለ ጥጃዋ ይደውሉልኛል፣ መስመሩም ተይዞ አያውቅም።

መጋዘኑ እየጎደለ ነው። አይጦቹ ቤት ፍለጋ ላይ ናቸው። ሩጫውን ለእነሱ ትቼላቸዋለሁ።

የሚያስቸግረኝ የከተማው ሰው ነው። ትናንት አንድ የማውቀው ነጋዴ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ወረቀት ብብቱ ሥር ወትፎ ደጃፌ ላይ ሲያልፍ አየኝና ሳይቆም ጮኸ።

«እንዴት ነህ?»

«ተቀምጫለሁ» አልኩት።

ድንገት ቆመ። ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ባወቅሁት ስድስት ዓመት ውስጥ ያ ሰው ሲቆም ያየሁት ያኔ ነው። ቀረብ ብሎ ፊቴን አስተውሎ አየኝ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«ምነው?» አለኝ። «አመመህ?»